ማዘዣው ላይ አንድ ስልክ፣ ፌስታሉ ውስጥ 11

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ዛሬ መልሶቹ 34 ደርሰዋል። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ ከላይ ጀምሮ ማንበብ እየታከተው ነገሩ ምን ነበር ይለኛል። ስለዚህ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አማርኛ ልንገራችሁ። አንዳንዱን አሳጥሬዋለሁ። አንዳንዱ ላይ ቆይቻለሁ፤ ሊያቆይ የሚገባው ስለሆነ።

መጀመሪያ የእኔ ጉዳይ። ሞባይል ጠጋኝ ነኝ። ሱቄ ድሮ ፒያሳ ነበር። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ዕቃዬን ይዤ ወደ ስታዲየም ዞርኩ። ጠባብ ክፍል ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ ከጀርባዬ አንድ መደርደሪያ አላት። መደርደሪያው ላይ የሰው ስልክ ይደረደራል። ያ መደርደሪያ ለእኔ አደራ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ፣ መዝጊያውን ልስብ ስል አራት ሰዎች መጡ። ሁለቱ የፖሊስ ልብስ ለብሰዋል። ሁለቱ ሲቪል ናቸው። የብርበራ ማዘዣ አሳዩኝ። ማኅተምም ፊርማም አለው። አንድ የተሰረቀ ሳምሰንግ ስልክ እዚህ ሱቅ ውስጥ እንዳለ ስለተጠረጠረ ይፈለግ ይላል። አስገባኋቸው። ፈለጉ። ያ ስልክ አልተገኘም። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ያለውን የደንበኛ ስልክ በሙሉ ጠርገው ፌስታል ውስጥ ከተቱት። 11 ስልክ ነው። የእኔ ላፕቶፕም ተጨመረ። ምን እንደተወሰደ የጻፈ የለም። የፈረመ የለም። ነገ ጣቢያ ና ብለውኝ ሄዱ። በማግስቱ ሄድኩ፤ መርማሪው ወጥቷል ተባልኩ። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው።

ከ11ዱ አንዱ አምስት ኪሎ አካባቢ የሚኖሩ የአንዲት እናት ስልክ ነው። ልጃቸው ዓረብ አገር ናት። የምታገኛቸው በኢሞ ብቻ ነው። ስክሪኑ ተሰንጥቆ ነበር ያመጡልኝ። በየቀኑ ከሥራ በፊት ሱቄ በር ላይ አገኛቸዋለሁ። የምላቸው አጣሁ።

ጥያቄዬ ሦስት ነበር። ማዘዣው ላይ ያልተጻፈ ዕቃ መውሰድ ይቻላል ወይ? በዚያ ሰዓት መምጣትስ? የወሰዱትን ጽፈው መስጠትስ የለባቸውም ወይ? ፖሊስ ሌባ አይያዝ አላልኩም። እኔም ተዘርፌ አውቃለሁ። የጠየቅኩት ስለ አሠራሩ ነው።

1ኛው መልስ አጭር ነው። አራት ኪሎ ኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ያለው ሰው ነው፤ አይዞህ ብሎ፣ እሱም እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት እንደሚያውቅ ነገረኝ። 2ኛው ማዘዣውን ፎቶ አንስተኸዋል ወይ ብሎ ጠየቀ። አላነሳሁም። ስልክ እጄ ላይ ነበር፤ ግን በዚያ ሰዓት ሰው እንደዚያ አያስብም።

3ኛው መልስ የሕግ ተማሪ ናት። ክሩን ክር ያደረገችው እሷ ናት ማለት እችላለሁ። በ1954 ዓ.ም የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥነ ሥርዓት አንቀጽ 32 እና 33 ዘርዝራ አስረዳችን። ከ60 ዓመት በላይ ፍርድ ቤቶቻችን የሠሩበት ሕግ ነው። ቤት ለመበርበር የፍርድ ቤት ማዘዣ ያስፈልጋል፤ ልዩ ሁኔታዎች ግን አሉት። ማዘዣው የሚፈለገውን ዕቃ ለይቶ መጥቀስ አለበት። ከተጠቀሰው ውጭ ፖሊሱ ሌላ ዕቃ መያዝ አይችልም። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ሌላ ካላዘዘ በቀር ብርበራ የሚደረገው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ነው። የተያዘው ዕቃ ዝርዝር ይጻፋል። በተቻለ መጠን ዝርዝሩን ገለልተኛ የሆነ ሰው አይቶ ይፈርምበታል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 አለ አለች። የሰው መኖሪያ፣ አካልና ንብረት ከብርበራ፣ በእጁ ያለውም ንብረት ከመያዝ የተጠበቀ ነው። ይህ መብት የሚገደበው በዝርዝር ሕግና በአስገዳጅ ሁኔታ ነው።

ሦስቱም ጥያቄዎቼ በአንድ መልስ ተመለሱ። እውነት ለመናገር ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እንቅልፍ የነሳኝ ንዴት ብቻ አልነበረም። ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ የተጻፈ ነገር በሱቅ ከምንሠራው ሰዎች መሀል አንዳችንም አለማወቃችን ነው።

4ኛው እርማት ይዞ መጣ። ተማሪዋ ሕጉን ያረቀቀው ስዊዘርላንዳዊው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ነው ብላ ነበር። እሱ በጨዋ ቋንቋ አስተካከላት። የግራቨን ሥራ ሆኖ የሚታወቀው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። ሥነ ሥርዓቱ ላይ ግራቨን ቢጀምርም መጨረሻውን የያዘው እንግሊዛዊው ዳኛ ሰር ቻርልስ ማቲው ነው። ለዚህ ነው ሥነ ሥርዓቱ የእንግሊዝ ጠረን ያለው አለ። እሷም አመስግና ተቀበለች። እንዲህ ያለ መተራረም ደስ ይለኛል።

5ኛው ጨዋታውን ቀየረው። ሜክሲኮ አካባቢ ከቆመ መኪና ላፕቶፑ ተሰርቆበታል። ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ጥገና ቤት ውስጥ አይቶታል። ሊመልስለት የፈለገ የለም። በደንብ ተናዷል። የጥገና ቤት ሰው ሁሉ የሌባ ገበያ ነው፤ 11 አይደለም 100 ቢወሰድበትም አይገርመኝም አለኝ። ንጹሕ ሰው ብርበራ ምኑ ያስፈራዋል ብሎም ጨረሰ።

6ኛው እና 7ኛው ለእኔ ተቆርቁረው ዘለፉት። 7ኛው የተጠቀመበትን ቃል እዚህ አልደግመውም። አላስፈለገም ነበር። 8ኛው የእኔ መልስ ነው። ወንድሜ፣ ንዴትህ ገብቶኛል አልኩት። በእኛ ሙያ የተሰረቀ የሚገዛ አለ። አልክድም። እኔ ስልክ ልሽጥልህ የሚለኝን ሰው ካርቶኑን አምጣ እለዋለሁ። ካርቶኑ ላይ 15 አሃዝ ያለው የመለያ ቁጥር አለ። ስልኩ ላይ *#06# ሲመታ ከሚወጣው ቁጥር ጋር ካልገጠመ አልነካውም። ፖሊሶቹም ያንን ማድረግ ይችሉ ነበር። የተሰረቀው ስልክ ቁጥር ካላቸው 11ዱን አንድ በአንድ ለማየት 10 ደቂቃ አይፈጅም። እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ።

9ኛው መልስ የተጻፈው ከዓመታት በፊት ፖሊስ በነበረ ሰው ነው። ሳጅን ነበርኩ ብሏል። ብዙዎች ቢጮሁበትም እኔ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንደኛ፣ ማዘዣ የማያስፈልግበት ጊዜ እንዳለ አስታወሰን። ተጠርጣሪ እየተባረረ ቤት ሲገባ ወይም የወንጀሉን ዕቃ ቤት ውስጥ ሲጥል ማዘዣ አይጠበቅም። ከ3 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ክስ ወይም አቤቱታ ቀርቦ፣ ማስረጃ የሚሆን ዕቃ የሆነ ቦታ ተደብቋል የሚል ጥቆማ ሲመጣ፣ ማዘዣ እስኪወጣ ዕቃው ይሸሻል የሚል በቂ ምክንያት ካለም እንዲሁ። ስርቆት በወንጀል ሕጉ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያደርስ ይችላል፤ ስለዚህ ይህ ልዩ ሁኔታ ለስልክ ሌባም ይሠራል አለ። ሁለተኛ፣ አንድ መርማሪ ስንት መዝገብ እንደሚሸከም አታውቁም አለን። ሦስተኛው ግን ልቤን ነካው። እሱ በሥራ ላይ ሳለ ከመግባቱ በፊት ሁልጊዜ ሁለት ጎረቤት ይጠራ ነበር። ለባለቤቱ ብሎ አይደለም። ነገ ወርቅ ጠፋብኝ ቢባል ማን ይመሰክርልኛል ብሎ ነው። ዝርዝሩ ፖሊሱንም ይጠብቃል አለ።

10ኛው ተማሪዋ ናት፣ ተመልሳ። ልዩ ሁኔታው አለ፤ እዚህ ግን አይነሳም አለችው። እነዚህ ሰዎች ማዘዣ ይዘው ነው የመጡት። ማዘዣ የያዘ ሰው በማዘዣው ይገደባል። ዕቃው ይሸሻል የሚለው ሥጋትም ስለተባለው ሳምሰንግ ሊሆን ይችላል እንጂ፣ ማንም ስላልከሰሰባቸው 11 ስልኮች ሊሆን አይችልም። ሳጅኑ ለዚህ ያኔ አልመለሰም።

11ኛውን የጻፈችው አንዲት የልደታ ልጅ ናት። ከሁሉ አስቀድማ የጠየቀችኝ ለምን አስገባሃቸው ብላ አይደለም። እንደውም ገባኝ አለች። እኛ በር ላይ የቆመ ሰውን አትግባ ማለት አናውቅበትም። እናቷ ቤት ፖሊስ ሲመጣ ማዘዣ የሚል ነገር ሳይነሳ ግቡ፣ ተቀመጡ ተብሎ ቡና ሊፈላ ነበር። በኋላ ጠበቃ ሲጠይቁ ፈቅዳችሁ ነው ያስገባችሁት ተባሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ክርክር ነበር። ፈርቶ ግቡ ያለ ሰው ፈቅዷል ይባላል ወይ? ዩኒፎርምና ጠመንጃ በር ላይ ቆሞ የተሰጠ እሺታ ለእኔ ፈቃድ አይደለም። ማዘዣችሁን ልየው ማለት ግን ነውር እንዳልሆነ ከእሷ ተማርኩ። በትሕትና ሊባል ይችላል።

ከ12 እስከ 14 ያሉት ገለልተኛ ሰው ማለት ማን ነው በሚለው ላይ ተነታረኩ። ብዙ ያሰበበት ሰው ያለ አይመስልም ነበር፤ ስለዚህ ወደድኩት። 12ኛው ከወረዳ የሚላክ ሰው ይበቃል አለ። 13ኛው ተቃወመ። በእሱ ሰፈር አብሮ የመጣው ታዛቢ ከፖሊሶቹ ጋር በአንድ መኪና መጥቶ በዚያው መኪና ተመለሰ። ከመኪናው ያልወረደ ሰው እንዴት ገለልተኛ ይሆናል አለ። 14ኛው የዕድር ዳኛ ይጠራ የሚል ሐሳብ አመጣ። የዕድር ዳኛ ሁለቱንም ወገን አይፈራም፣ ነገም እዚያው ሰፈር ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን የሱቅ ሰፈር ዕድር የለውም። እኔ አጠገቤ ያለው ጫማ ሻጭ ቆሞ እያየ ነበር። ፈርም ብሎ የጠየቀው የለም። እኔም አልጠራሁትም። አሁን ሳስበው እሱ በቂ ነበር።

ሌላም ነገር 14ኛው አነሳ። ጎረቤት ፊት መበርበር ያሳፍራል። አንዳንድ ሰው በራሱ ጥያቄ በሩን ዝጉልኝ ይላል። ያ ስሜት እውነት ነው። እኔም መብራቱን ላጥፋ ብዬ አስቤ ነበር፤ መንገደኛ እንዳያየኝ።

15ኛው ቃል አስተካከለ። ብርበራ እና ፍተሻ አትቀላቅሉ አለ። ብርበራ ለቤት ነው፤ ፍተሻ ለአካል። መስቀል አደባባይ ለበዓል ስንገባ የሚደረገው ፍተሻ ነው። ማታ ታክሲ አስቁመው ወንዶች ውረዱ ሲባል የሚደረገውም ፍተሻ ነው። ከዚያ 16ኛዋ ገባች። አንድ ምሽት ከለገሃር በታክሲ ስትሄድ ቦርሳዋን ወንድ ፖሊስ ከፍቶ ውስጡን አንድ በአንድ አወጣው። የሴት ዕቃ ሰው ሁሉ ፊት ተዘረገፈ። ወያላው ዞር አለላት፤ ፖሊሱ ግን አልዞረም። ሥነ ሥርዓት ሕጉ የተያዘን ሰው የሚፈትሽ ሰው ጾታው አንድ ዓይነት መሆን አለበት እንደሚል ከ3ኛው መልስ በኋላ ራሷ አንብባ አገኘችው። በር ላይ ሴት ፈታሽ የሚቆመው ለጨዋነት ብቻ አይደለም ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሴቶች ተስማሙ።

17ኛው ካዛንቺስ ይኖር ነበር። ሰፈሩ ሳይፈርስ በፊት፣ በ2014 ዓ.ም፣ ሌሊት ቤታቸው ያለ ማዘዣ ተበርብሯል። ሕግ ተጣሰ አለ። 18ኛው አረመው። ጥቅምት 2014 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ቤት መበርበርን ፈቅዶ ነበር፤ የተነሳው በየካቲት ነው። ከዚያ በፊትም በ2001 የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ በፌዴራል ፖሊስ ኃላፊ ፈቃድ ድንገተኛ ፍተሻ ይፈቅድ እንደነበር አስታወሰ። ያ አዋጅ በ2012 በአዲስ ተተካ። እርማቱ ትክክል ነው። 17ኛው ግን አንድ ነገር ብቻ መለሰ። የእናቱ የጋብቻ ቀለበት ከመሳቢያ ጠፍቷል። ቀለበት መውሰድን የትኛውም አዋጅ አልፈቀደም።

19ኛው መልስ ረጅም ነው። ጋሼ ልበላቸው፤ ዕድሜያቸውን ባይናገሩም ከታሪኩ ይታወቃል። በመጋቢት 1969 አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ ልጅ ነበሩ። ቤታቸው አራዳ ውስጥ ነው። እናታቸው ማንበብ አይችሉም። የታላቅ ወንድማቸው መጻሕፍት ግን ግድግዳውን ሞልተውታል። የትኛው መጽሐፍ እንደሚያስገድል እናትየው አያውቁም። ስለዚህ ሁሉንም፣ ከመዝገበ ቃላቱ እስከ አልጀብራው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ቤት ሲጥሉ አደሩ። ጠዋት አሳሾቹ ሲመጡ ግድግዳው ባዶ ነበር። ባዶነቱም አስጠረጠራቸው። እዚያ የነበረው ምን ነበር ተብለው ተጠየቁ። ጋሼ ዝርዝር፣ ታዛቢ፣ ማዘዣ የሚባል ነገር በዚያ ቀን ማንም ሲጠራ አልሰሙም። ሕጉ ግን ያኔም ነበር፤ ከወጣ 15 ዓመት ሆኖታል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ለሁለት ቀን ክሩ ላይ ምንም አልጻፍኩም።

ከ20 እስከ 22 ነገሩ ወደ ጥንት ሄደ። 20ኛው ሌባ ሻይን አነሳ። ወጣት ልጅ የሚጠጣ ነገር ይሰጠዋል፤ ራሱን ስቶ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ የገባበት ቤት የሌባ ቤት ነው ይባላል። ባለቤቱም ይከፍላል። 21ኛው አውጫጭኝን ጨመረ። አገሬው ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም። 22ኛው በሕግ አምላክ የሚለውን ቃል አስታወሰን። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው እግሩን አያነሳም ነበር፤ ያለው ሰው ሕፃን ቢሆን እንኳ። ከርዕስ መውጣት ነው፤ ግን አልተቆጣሁም። ሌባ ሻይ ላይ አንድ ነገር አሰብኩ። ቤትህ ለምን እንደተመረጠ የሚነግርህ የለም። ማዘዣ የሚለየው በዚህ ነው። ለምን እንደመጡ፣ ምን እንደሚፈልጉ ወረቀት ላይ አለ። ወረቀቱ ላይ አንድ ስልክ ተጽፎ 11 ሲወሰድ፣ ወደ ሌባ ሻይ መመለስ ነው።

23ኛው ተናደደ። እናንተ ታሪክ ታወራላችሁ፣ እኔ ትናንት ካልሲዬ ተወሰደ አለ። መንገድ ላይ የሚነግድ ልጅ ነው። ደንብ አስከባሪዎች የዘረጋውን ጠቅልለው መኪና ላይ ጫኑበት። ስንት ጥንድ እንደሆነ የቆጠረ የለም። ደረሰኝ የለም። 24ኛው መንገድ ዘግተህ ስትሸጥ ምን ልትሆን ነበር አለው። 25ኛው 24ኛውን ሰደበው። አወያዩ የ25ኛውን ግማሽ አጠፋ። እኔ ከልጁ ጋር ነኝ። መንገድ ላይ መነገዱ ጥፋት ቢሆን እንኳ ይቀጣ፤ የተወሰደው ግን ይቆጠር። መቆጠር ለጥፋተኛም የሚገባ ነገር ነው።

26ኛው ከአሜሪካ የሚጽፍ ነው። የእኛ ሥነ ሥርዓት ሕግ በወጣበት ዓመት፣ በፈረንጆቹ 1961፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማፕ በተባለው ጉዳይ ትልቅ ውሳኔ ሰጥቷል። በሕገ ወጥ ብርበራ የተገኘ ማስረጃ በክፍለ ግዛት ፍርድ ቤቶችም ተቀባይነት የለውም አለ። በፈረንጆቹ 2014 ደግሞ ራይሊ በተባለው ጉዳይ፣ የተያዘን ሰው ስልክ ውስጡን ለማየት ማዘዣ ያስፈልጋል ብሎ ወሰነ። ጸሐፊው እዚያ ያለው ፖሊስ መልአክ ነው አላለም። ፖሊሱ ደንቡን ሲጥስ ማስረጃውን ሊያጣ እንደሚችል ግን ያውቃል አለ።

27ኛው እዚህ አሜሪካ አይደለም ብሎ በኃይል ጀመረ። ቢሆንም ቁም ነገር ነበረው። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃል በማስረጃነት አይቀርብም ይላል። ያለ ማዘዣ ወይም ከማዘዣ ውጭ ስለተያዘ ዕቃ ግን የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንዲህ ያለ ግልጽ ቃል የለውም። አንቀጹ አለ፤ አንቀጹን የጣሰ መርማሪ መዝገቡ ላይ የሚያጣው ነገር ግን የለም። እዚያው ላይ ሌላም ነገር አስተዋለ። ሰው ሲያዝ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ለተያዘ ስልክ እንዲህ ያለ ሰዓት የሚቆጥር አንቀጽ እሱ አላየም። ስለዚህ ስልክ ይረሳል።

28ኛው ስለ ስልክ ሎክ ነው። ፖሊሶቹ የሁለት ስልክ ሎክ ክፈት ብለውኝ እንደነበር በኋላ ጽፌ ነበር። አልከፈትኩም፤ የእኔ ስልክ አይደለም። እሱ በ2008 የወጣውን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ጠቀሰ። የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ ገብቶ ለመበርበር የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ይጠይቃል፤ ስልክም ለዚህ ኮምፒውተር ነው አለ። ዕቃውን መያዝና ውስጡን ማየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ሰው ስልኩ ውስጥ የባንክ ሒሳቡ፣ ፎቶው፣ የሚስቱ መልእክት፣ የንስሐ አባቱ ቁጥር አለ። ቤቱን ከመበርበር በላይ ነው።

29ኛው የት ልክሰስ ብሎ ጠየቀ። እሱም ተወስዶበታል። 30ኛው በቃል አትመላለስ አለው። ማመልከቻ በሁለት ኮፒ ይጻፍ። አንዱ ላይ የተቀበሉበት ቀንና ማኅተም ይረፍበት። መጀመሪያ ለጣቢያው ኃላፊ፣ ካልሆነ ለዐቃቤ ሕግ፣ ካልሆነ ማዘዣውን ለሰጠው ፍርድ ቤት። ጠበቃ ለመክፈል አቅም ከሌለህ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል ብሎም ጨመረ። 31ኛው በአንድ መስመር በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ብሎ አለፈ። እኔ በጽሑፍ ያለኝ ነገር አልነበረም። የጥገና ደብተሬ ላይ የምጽፈው የደንበኛ ስም፣ የስልክ ዓይነትና ዋጋ ብቻ ነው። የመለያ ቁጥሩን አልጽፍም ነበር። አሁን እጽፋለሁ።

32ኛው ሳጅኑ ነው፣ ተመልሶ። በ10ኛው መልስ እንደተስማማ በግልጽ ጻፈ። ይህን ማለት ቀላል አይደለም፤ አመሰግነዋለሁ። ከዚያ የሚጠቅም ነገር ነገረኝ። መርማሪውን አትጠብቅ አለኝ። ጣቢያው ውስጥ የኤግዚቢት፣ ማለትም በማስረጃነት የተያዘ ዕቃ የሚቀመጥበት፣ ክፍል አለ። የገባ ዕቃ መዝገብ ላይ መስፈር አለበት። ማመልከቻህ ላይ ዕቃዬ ይመለስልኝ ብለህ ብቻ አትጻፍ፤ በዚህ ቀን የገቡት ዕቃዎች በመዝገቡ መሠረት ይታዩልኝ ብለህ ጻፍ።

እንደዚያው አደረግኩ። 33ኛው መልስ የእኔ ነው። ሐሙስ ዕለት ኃላፊው ራሳቸው መዝገቡን አስወጥተው አዩ። በጨዋነት ነው ያስተናገዱኝ። መዝገቡ ላይ የሰፈረው 9 ስልክና አንድ ላፕቶፕ ነው። ለ9ኙ ፈርሜ ተቀበልኩ። ላፕቶፑንም። 11 ነበሩ ስል፣ 11 ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለህ ተባልኩ። ደብተሬን አሳየሁ። ደብተሩ የራስህ ጽሑፍ ነው አሉኝ። እውነት ነው፤ የራሴ ነው። ጫማ ሻጩ ሊመሰክርልኝ ፈቃደኛ ነው። ግን ስልኮቹን አልቆጠረም።

ከጎደሉት ሁለቱ አንዱ የእማማ ስልክ ነው። አርብ ጠዋት ይህን ስነግራቸው ምንም አላሉም። ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። ከሰዓት ተመልሰው መጡ። እጃቸው ላይ ካርቶን አለ። ልጃቸው ስልኩን ስትልክላቸው የመጣበት ነው። ክርና መርፌ ያስቀምጡበት ነበር። ጎኑ ላይ 15ቱ አሃዝ እንዳለ ነው፤ አንዱም አልጠፋም።

34ኛው መልስ የተማሪዋ ነው። የካርቶኑን ፎቶ አይታ፣ ቁጥሩን ማመልከቻው ላይ በአሃዝም በፊደልም ጻፈው፣ ካርቶኑን ግን ኮፒ አስደርገህ ዋናውን ከእጅህ አታውጣ አለችኝ። ኮፒውን አስነስቻለሁ። ክርና መርፌውን በፌስታል አድርጌ ለእማማ መለስኩላቸው። ማክሰኞ 3 ሰዓት ላይ አብረን እንሄዳለን።